ጣሪያው ግማሽ መንገድ ላይ ሲቆም

አንዲት የ1957 ፎርድ ስካይላይነር ውስጥ ተቀምጣችኋል እንበል። ማብሪያዋን ትነካላችሁ። የኋላው ኮፈን ብድግ ይላል። ማጠፊያው ያለው በመከላከያው በኩል ስለሆነ አፉን የሚከፍተው ወደ እናንተ ነው፤ ልክ እንደ አዞ። ቀጥሎ የብረቱ ጣሪያ ከፊት መስታወቱ ይላቀቅና ቀስ እያለ ወደ ሰማይ ይነሳል። መንገደኛው ቆሞ ያያል፣ ልጆች ይሮጣሉ። ከዚያ ቀጥ! ጣሪያው አየር ላይ ቆመ። አልተከፈተም፣ አልተዘጋም። ኮፈኑ ከኋላ ተገትሮ ምንም አያሳያችሁም። መንዳት አይቻል፣ ቆልፎ መሄድ አይቻል። ዳመናው ደግሞ መጣ።

ምን ታደርጋላችሁ? የሚደረገው ይታወቃል። ማብሪያዋን ድጋሚ መጫን። ከዚያ ጠንከር አድርጎ መጫን። (ሊፍት ስንጠብቅ የምናደርገውን አስታውሱ። ሌላው ሰው ተጭኖት መብራቱ በርቶ እያየን እኛም ሄደን እንጫነዋለን፤ የእኛ ጣት የተለየ ኃይል ያላት ይመስል።)

የዛሬው ጽሑፌ የዚህች ቅጽበት ታሪክ ነው። ስለ ሀብታሞች መጫወቻ ለማውራት አይደለም የተነሳሁት። አንድ ማሽን አሥር ሥራ በተራ ሊሠራ ጀምሮ አራተኛው ላይ ሲቆም፣ ሰው ጥፋቱን እንዴት ፈልጎ እንደሚያገኘው ነው የገረመኝ። መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን ጉዳዩን ስከታተል አንድ የጥርስ ሠራተኛ ወደተረሸነበት ኮረብታ፣ ከዚያም ወደ ጃንሆይ አደረሰኝና መጻፍ ግድ ሆነብኝ። ለማንኛውም ዓመታቱን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፤ በእኛ ስጠራ እነግራችኋለሁ።

የጥንቶቹ መኪኖች ጣሪያ ማለት ሸራ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ወርዶ መዘርጋት፣ ፀሐይ ሲወጣ አጥፎ ማሰር። የኢሱዙ ረዳቶች ሲሚንቶ ጭነው ሰማዩ ሲጠቁርባቸው የሚያደርጉት ማለት ነው። ዘመናዊት ወይዘሮ ለዚህ ሥራ ከመኪና አትወርድምና፣ ሰዎች ገና በጠዋቱ ሌላ ዘዴ ማሰብ ጀመሩ። በ1922 ቤን ኤለርቤክ የሚባል አሜሪካዊ በአንዲት ሀድሰን ላይ ወደ ኋላ የሚሸሽ ጠንካራ ጣሪያ ሠርቶ አሳየ። በእጅ የሚሠራ ነበር። ፋብሪካ ግን አልገባም፤ ሐሳቡ እዚያው ቀረ።

ሐሳቡን ገበያ ያወጣው ፈረንሳዊ ነው። ጆርጅ ፖላን ይባላል፣ የተወለደው በ1902። እንጀራው ጥርስ ነበር፤ በትርፍ ሰዓቱ ደግሞ መኪና ይነድፋል። ለእኔ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። የሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ሰው ሁለት ጠንካራ ነገሮች ተከፍተው ሲዘጉ በፀጉር ስፋት እንኳ እንዳይሳሳቱ ሲጨነቅ የሚውል ሰው ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ ጠንካራው ጣሪያ እንዳለ ተነስቶ ኋላ ኮፈን ውስጥ የሚተኛበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ኤሚል ዳርልማ የተባለ የፔዦ ነጋዴና ማርሴል ፑርቱ የተባለ የመኪና አካል ሠሪ ተባበሩትና ከ1934 ጀምሮ የፔዦ 401፣ የ601፣ ቀጥሎም የ402 ኤክሊፕሶች ወጡ። ኤክሊፕስ ማለት ግርዶሽ ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ገብቶታል፤ ጣሪያው ሲዘጋ ፀሐይ ይጋረዳል፣ ሲከፈት ይገለጣል።

ጣሪያው በኤሌክትሪክ ሞተር ነበር የሚንቀሳቀሰው። አሁን ልብ በሉልኝ፦ ኋላ ላይ የተሠሩት የ402 ኤክሊፕሶች ጣሪያቸው በእጅ የሚገፋ ሆነ። ታሪክ ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል ያለው ማነው? የዚያን ጊዜ ባትሪ ምን ያህል አቅም እንደነበረው፣ ያ ሁሉ ብረት ደግሞ ምን ያህል እንደሚመዝን ለሚያስብ ሰው ነገሩ ብዙ አያስገርምም። ሚዛኑ ተጠንቅቆ የተሠራ ጣሪያ በእጅም ይሄዳል፣ ደግሞም እጅ ፊውዝ አያቃጥልም።

ፖላን ከዚያ በኋላ ለቤንትሌይ ጭምር ነደፈ። ጦርነቱ መጣ። ጀርመኖች ፈረንሳይን ሲይዙ ፖላን ለእንግሊዝ የስለላ መረብ መረጃ ማቀበል ጀመረ። አይሁዳዊ ነበር፤ ለመሸሽ ከማንም የበለጠ ምክንያት ነበረው፣ ግን አልሸሸም። ተያዘ። መጋቢት 21 ቀን 1942 (በፈረንጆቹ) ከፓሪስ ዳር በሚገኘው ሞን ቫሌሪየን ኮረብታ በጥይት ደበደቡት። በዚያው ቀን እዚያው ከተረሸኑት ውስጥ ዣክ ኬልነር የተባለው ሌላ ስመ ጥር የመኪና አካል ሠሪም ነበር። ዛሬ በየአውራ ጎዳናው ጣሪያቸውን አጥፈው የሚንሸራሸሩ ሰዎች ስሙን እንኳ ሰምተውት እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

አሜሪካኖቹ በሌላ በር ገቡ። የብረቱን ጣሪያ ትተው ሸራውን በማሽን ማንሳት መረጡ። በ1939 ፕሊማውዝ የኮንቨርተብል ጣሪያዋን በማሽን የምታንቀሳቅስ፣ በብዛት የተመረተች የመጀመሪያዋ መኪና ሆነች። ዘዴው ቀላል ነው። ሞተር ሲሠራ አየር ይስባል፤ ያንን ስበት በቱቦ ወደ ሁለት ሲሊንደሮች ወስዶ ጣሪያውን ማንሳት። ችግሩም ከዘዴው ይመነጫል። ሞተሩ ካልተነሳ ጣሪያ የለም። ቱቦው አንድ ቦታ ከተሰነጠቀ ጣሪያው እንደ ደከመ ሰው ያቃስትና ይቀራል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዘይት መጣ። ለሠላሳ፣ ለአርባ ዓመት የአሜሪካ ኮንቨርተብል በሙሉ ማለት ይቻላል በዚህ ነው የኖረው፤ ዛሬ በየጋራዡ የቆሙት የድሮ መኪኖችም የሚያስቸግሩት በዚሁ ነው። ስለዚህ እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ።

አሠራሩ ይሄ ነው። ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ወይም ኮፈን ውስጥ አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር አለ። ሞተሩ ፓምፕ ያዞራል። ፓምፑ ዘይት ይገፋል። ዘይቱ በቱቦዎች ሄዶ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች ውስጥ ይገባና ዘንጋቸውን ያስወጣል፤ ጣሪያው ይነሳል። ማብሪያውን በተቃራኒው ስትጫኑት ኤሌክትሪኩ አቅጣጫ ይቀይራል፣ ሞተሩ በግልባጩ ይዞራል፣ ዘይቱም በሌላ በኩል ገብቶ ዘንጉን ይመልሰዋል። በቃ። ኮምፒውተር የለ፣ ምን የለ።

ታዲያ ሲበላሽ ምርመራው የሚጀምረው በጆሮ ነው። ማብሪያውን ተጫኑና ስሙ። ዝም ካለ ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ጋ አልደረሰም ወይም ሞተሩ ሞቷል። እያጉረመረመ ጣሪያው ካልተንቀሳቀሰ ግን ኤሌክትሪኩ ደህና ነው፤ ሞተሩ እየዞረ ነውና ጥፋቱን ዘይቱ ጋ ፈልጉት። ቀንሷል፣ አየር ገብቶበታል ወይም የሲሊንደሩ ጎማ አርጅቶ እየፈሰሰ ነው። ይቺ አንዲት ልዩነት ብቻ ግማሹን ሥራ ትጨርሳለች። ሰው ግን ይቺን ሳይሰማ ነው ፓምፕ ሊገዛ የሚሮጠው።

ዝም ላለው ባትሪው ይቅደም። የጣሪያ ሞተር ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ የፊት መብራት ያበራ ባትሪ ጣሪያ ያነሳል ማለት አይደለም። ሞተር አስነስቶ መሞከር ነው። ከዚያ መከላከያው። በብዙዎቹ የድሮ መኪኖች ሲግል ራሱ የሚያቋርጥ፣ ሲቀዘቅዝ ራሱ የሚመለስ መከላከያ ነበራቸው። ስለዚህ «ትናንት እምቢ አለ፣ ዛሬ ጠዋት ሠራ፣ ሁለቴ ስሞክረው ቆመ» የሚባለው ነገር የአጋንንት ሥራ አይደለም። አንድ ነገር ከሚገባው በላይ እየከበደው ነው ማለት ነው። ከዚያ በመብራት መሞከሪያ መከታተል፦ ማብሪያው ጋ ኤሌክትሪክ ይገባል? ሲጫኑት ይወጣል? ሞተሩ ጋ ይደርሳል? ሞተሩ ጋ ደርሶ ካልዞረ ሰው ሁሉ የሚረሳት አንዲት ሽቦ አለች፤ ከሞተሩ ወጥታ ከመኪናዋ አካል ጋር የምትታሰረው፣ መመለሻዋ። ዝገት ይበላታል። በሽቦ ብሩሽ ስትጠረግ የሞተው ሞተር ይነሳል። የዚህ ጥገና ዋጋ የብሩሹ ዋጋ ነው።

ጣሪያው በአንድ በኩል ቀድሞ ተንሻፎ ሲነሳስ? ያኔ አንዱ ሲሊንደር ደክሟል ወይም መታጠፊያው ተጣሟል። መለያው ሁለቱን ሲሊንደሮች ከጣሪያው ፈትቶ ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ በእጅ ማንሳት ነው። በእጅም ከተንቀራፈፈ ፓምፑን አትውቀሱት፤ አጥንቱ ነው የታመመው።

ዘይቱ ራሱ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ጄኔራል ሞተርስ ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት መኪኖቹ የፍሬን ዘይት ነበር የሚጠቀመው። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፤ ሲያፈስ መኪናዋን ይልጣታል። በኋላ ወደ ካምቢዮ ዘይት ተቀየረ። ሁለቱ አይቀላቀሉም፤ ለአንዱ የተሠራ ጎማ ሌላው ሲነካው ያብጥና ይበሰብሳል። የድሮ መኪና ገዝቶ «ዘይቷ ጎድሏል» ብሎ ያገኘውን የጨመረ ሰው ከሁለት ወር በኋላ አራት ነገር ይቀይራል።

አሁን ወደ ስካይላይነር ልመልሳችሁ፤ የዚህ ሁሉ ንግሥት እሷ ናትና።

ፎርድ ሐሳቡን መጀመሪያ የጀመረው ኮንቲኔንታል ማርክ ቱ ለምትባለው ውድ መኪናው ነው። ጊልበርት ስፒር የሚባል ነዳፊ ሐሳቡን አመጣ፣ ቤን ስሚዝ የሚባል መሐንዲስ ወደ ብረት ቀየረው። ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈሰሰበት በኋላ ለዚያች መኪና አይሆንም ተባለ። ገንዘቡ ግን ወጥቷል፤ ስለዚህ ለተራዋ ፎርድ ሰጧት። ነገሩ ያስቃል። በዘመኑ ከነበረው ሁሉ እጅግ የተወሳሰበው ጣሪያ የመምህርና የሻጭ መኪና ላይ ተጫነ። በ1957 ዋጋዋ 2,942 ዶላር ነበር፤ ሸራ ጣሪያ ያላት እህቷ ደግሞ 2,505።

ስካይላይነር ዘይት የላትም። ሁሉም በኤሌክትሪክ ነው። ሰባት ሞተሮች (በ1959 ስድስት)፣ አራት ማንሻ ክሪኮች፣ አሥር ሶሌኖይዶች፣ አሥር የመድረሻ ስዊቾች፣ 610 ጫማ ሽቦ። 610 ጫማ ወደ 186 ሜትር ነው፤ ሁለት የእግር ኳስ ሜዳ ቁመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ አንዲት መኪና ውስጥ። ጣሪያው ረጅም ስለሆነ ኮፈኑ ውስጥ እንዲገባ የፊት ጫፉ ይታጠፋል። የነዳጅ ታንከሩ ቦታ አጥቶ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ቆሞ ተቀመጠ። ለሻንጣ የተረፈችው ኮፈኑ መሀል ያለች አንዲት ገንዳ ናት። ሽርሽር ከሄዳችሁ ወይ ጣሪያ ወይ ሻንጣ፤ ምረጡ።

ኮምፒውተር የሌለው ማሽን ይህን ሁሉ በተራ እንዴት ሠራ? ምስጢሩ በነዚያ አሥር ስዊቾች ውስጥ ነው። ኮፈኑ ተከፍቶ ሲያበቃ ጫፉ አንዲት ትንሽ ስዊች ይነካል። ስዊቿ ለሪሌዩ «ኮፈኑ ደርሷል» ትላለች። ሪሌዩ ለቀጣዩ ሞተር መንገድ ይከፍታል። የጣሪያው መቆለፊያ ሲለቅ ሌላ ስዊች ይነካና «ለቅቋል» ይባላል። እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው። ዱላ ቅብብል ነው፤ ዱላው እጁ ሳይገባ የሚሮጥ የለም። ይሄም ልክ ነው፤ ኮፈኑ ሳይከፈት ጣሪያው ቢነሳ ብረት ከብረት ይላተም ነበር።

ስለዚህ ጣሪያው አየር ላይ ሲቆም «ተበላሸ» ማለት ስህተት ነው። ማሽኑ እየጠበቀ ነው። አንድ ሰው ዱላ እስኪያቀብለው ቆሟል። ጥያቄውም «ምን ተበላሸ?» መሆኑ ይቀርና «በመጨረሻ ያለቀው ሥራ የቱ ነው?» ይሆናል። መቆለፊያው ለቅቆ ጣሪያው ካልተነሳ ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው፦ መልቀቁን መናገር የነበረባት ስዊች፣ ወይም ነገሩ ተነግሮት ያልተነሳው ቀጣዩ ሞተር ከነሪሌዩና ከነሽቦው። እነሱን ለመለየት ስዊቿን በጣት መጫን ነው። ሞተሩ ከነቃ ስዊቿ ደህና ናት፤ የሚነካት ብረት ነው በሚሊሜትሮች ርቆ የቀረው። ካልነቃ መብራት መሞከሪያውን ይዞ ከስዊቿ ወደ ሪሌዩ፣ ከሪሌዩ ወደ ሞተሩ መሄድ ነው። 186 ሜትር ሽቦ ወደ አንድ ክንድ ሽቦ ወረደ ማለት ነው።

ይሄን ስረዳ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተናድጄ ነበር። እንዲህ ያለ ንጹሕ አስተሳሰብ በትምህርት ቤት ማንም አላሳየኝም። እኛ ያስታወስነው የፊዚክስ ቀመሩን ነው፤ መብራት ሲጠፋ ግን ሁላችንም ቆጣሪውን በጥፊ እንመታለን።

መጥፎ ስሟ ከእውነቷ በላይ ሆኖ ስካይላይነርን ገደላት። በ1957 20,766፣ በ1958 14,713፣ በ1959 12,915 ተሸጠች፤ ከዚያ አበቃ። በእርግጥ ዋጋዋ ጨምሯል፣ ሻንጣ አትይዝም፣ ትከብዳለች። ደግሞም በየሰፈሩ ያለው መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ያንን የሽቦ ጫካ ሲያይ ይሸሽ ነበር። የጎደለው ዕውቀቱ ሳይሆን ድፍረቱ ይመስለኛል፤ መመሪያው ተጽፎ ነበርና።

ሥራው ግን አልጠፋም። ከ1961 ጀምሮ ሊንከን ኮንቲኔንታል አራት በር ያላት ኮንቨርተብል ሆና ስትመጣ ያው ቅብብል ተከትሏት መጣ፤ ኮፈኑ ወደ ኋላ የሚከፈት፣ ሪሌዮቹ፣ ስዊቾቹ። የሊንከኗን መልክ የነደፈው ኤልውድ ኤንግል ነው፤ ለሌላ መኪና ታስቦ የነበረውን ንድፍ አይቶ «አራት በር ይሁንና ሊንከን ይሁን» ያለው ደግሞ ሮበርት ማክናማራ፣ ያ በኋላ የኬኔዲ መከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የቬትናምን ጦርነት የመራው ሰው። ሊንከኗ ልዩ የሆነች ክፋት አላት። ኮፈኑ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ነው፣ ከሚበላሹት ነገሮች ብዙዎቹ ያሉት ደግሞ ኮፈኑ ውስጥ ነው። ቁልፍን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን መዝጋት ማለት ይሄ ነው።

እዚህ ላይ ነው ጃንሆይ የሚመጡት።

ጥቅምት 1 ቀን 1963፣ በእኛ መስከረም 20 ቀን 1956፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በባቡር ዋሽንግተን ዩኒየን ጣቢያ ደረሱ። ኬኔዲ ከነባለቤታቸው ተቀበሏቸውና ሁለቱ መሪዎች ጎን ለጎን ሆነው ጣሪያዋ በተከፈተ ሊንከን በከተማው መሀል አለፉ። ፎቶውን አይታችሁት ይሆናል።

የፕሬዚዳንቱ የሰልፍ ሊንከን ከፋብሪካ እንደወጣች አልነበረችም። ሄስ ኤንድ አይዘንሃርት የሚባል የሲንሲናቲ ኩባንያ ቆርጦ አስረዝሟታል። የኋላ ወንበሯ ሕዝብ እንዲያያቸው በማብሪያ ወደ ላይ ከፍ ይላል። ጣሪያው ግን፣ እዩት እንግዲህ፣ የእጅ ሆነ። ያ ሁሉ ቅብብል ቀርቶ፣ እየተፈታ ኮፈን ውስጥ የሚቀመጥ፣ ሲፈለግ በሰው የሚገጠም ጣሪያ ተሠራላት፤ ከነዚህም አንዱ እንደ ብርጭቆ የሚያሳይ ፕላስቲክ ነበር። ስለዚህ የፕሬዚዳንቱ ጣሪያ የሚከፈትና የሚዘጋው በሞተር ሳይሆን በውሳኔ ነው። ውሳኔው ደግሞ ቀድሞ መወሰድ አለበት፤ መንገድ ላይ ማብሪያ አይነካም።

ኅዳር 22 ቀን 1963 ጠዋት ፎርት ዎርዝ ላይ አካፍቶ ነበር። ዳላስ ሲደርሱ ሰማዩ ጠራ። ካልዘነበ ጣሪያው አይደረግ የሚል ስምምነት ነበርና አልተደረገም። የቀረውን ታውቁታላችሁ። ፕላስቲኩ ጥይት የሚያቆም አልነበረም፤ ምርመራውን ያካሄደው የዋረን ኮሚሽንም ይህንኑ መዝግቧል። ቢደረግ ኖሮ የተኳሹን ዓይን ያጭበረብር ነበር ወይስ አይ እያሉ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ይሄ በመብራት መሞከሪያ የሚታወቅ ነገር አይደለም።

ቀኑን በእኛ ብትቆጥሩት ኅዳር 12 ነው። ኅዳር ሚካኤል። ዳላስ ላይ ተኩሱ ሲሰማ አዲስ አበባ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር፤ ኅዳር የታጠነበት ቀን ማታ። ከሦስት ቀን በኋላ ጃንሆይ ዋሽንግተን ነበሩ፤ ከሁለት ወር በፊት በዚያች ክፍት መኪና ባለፉበት ከተማ፣ ከዴጎል ጎን፣ ከአስከሬኑ ኋላ በእግራቸው ሲሄዱ። መኪናዋ ታድሳ፣ የማይከፈት ጣሪያ ተበይዶላት፣ እስከ 1977 ሌሎች ፕሬዚዳንቶችን አገለገለች። ዛሬ ዲርቦርን፣ ሚሺገን፣ በሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ቆማለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን በፍጥነት ልለፈው። የደኅንነት ሕግ ሊጠብቅ ነው ተብሎ አሜሪካኖቹ ኮንቨርተብል መሥራት እየተዉ መጡ። በ1976 ካዲላክ 14,000 ኤልዶራዶ ኮንቨርተብሎች ሠርቶ «የመጨረሻዎቹ» ብሎ ሸጠ፤ ሰውም ለልጅ ልጅ ይቀመጣል ብሎ ተሻማባቸው። በ1982 ክራይስለር ኮንቨርተብል ይዞ ተመለሰ፤ ካዲላክ ራሱም በ1984 ደገመው፤ «የመጨረሻ» የገዙት ሰዎች ፍርድ ቤት ሄዱ። ብረቱ ጣሪያ ደግሞ በ1996 በመርሴዲስ ኤስኤልኬ ተነሳ። በ2000 ፔዦ 206 ሲሲን ሲያወጣ ስድሳ ስድስት ዓመት ዞሮ የራሱን የፖላንን ሐሳብ አነሳ።

አዲሶቹ ግን የሚታዘዙት ለኮምፒውተር ነው። ስዊቾቹ አሉ፣ ቅብብሉም አለ፤ ግን ዱላው የሚያልፈው በአንድ ጥቁር ሳጥን ውስጥ ስለሆነ አይታይም። ሳጥኑ ሲጠራጠር ምክንያቱን ሳይነግራችሁ እምቢ ይላል። በኤስኤልኬ ኮፈን ውስጥ ሻንጣውን ከጣሪያው የሚለይ መጋረጃ አለ። መጋረጃው ተስቦ መንጠቆው ላይ ካልገባ ጣሪያው አይነቃነቅም። መኪናዋ ሻንጣችሁን ከመፍጨት እያዳነቻችሁ ነው፤ እናንተ ግን ሞተር ተቃጠለ ብላችሁ ጋራዥ ትሄዳላችሁ። የድሮ ኤስኤልኬ ያለው ሰው ሌላ ነገር ከመንካቱ በፊት መንጠቆዋን ይያት።

የእኔ ፍርድ የሚከተለው ነው፤ ካልተስማማችሁ ከታች ተሟገቱኝ። ስካይላይነር ከነ186 ሜትር ሽቦዋ፣ ከሁለቱ ቀላሏ እሷ ናት። ወደ ሰባ ዓመት ገደማ ቆይታም አንድ ትዕግሥተኛ ሰው፣ አንድ መሞከሪያና አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ይዞ ያስነሳታል። የ1990ዎቹ መኪና ግን ጣሪያዋ ደህና ሆኖ፣ ሞተሯ ደህና ሆኖ፣ ሳጥኗ ስለሞተች ብቻ ክፍት ጣሪያዋን ይዛ ግቢ ውስጥ ልትቀር ትችላለች። የተወሳሰበውን ያመጣው የሽቦው ብዛት አይደለም። ማሽኑ የት እንደቆመ ለባለቤቱ መናገር መተዉ ነው።

ባለቤቶቹ ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። የ1989ኟ መርሴዲስ ኤስኤል ሸራ ጣሪያ በዘይት ነው የሚሠራው፤ ከሲሊንደሮቹ ውስጥ አንዳንዶቹ ከፊት መስታወቱ በላይ፣ ከሹፌሩ ራስ አናት ላይ ናቸው። ጎማቸው ሲያረጅ ዘይቱ ከመስታወቱ አጠገብ ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ በሸሚዝ ላይ፣ በሽርሽር ቀን። አዲስ ሲሊንደር ውድ ስለሆነ ባለቤቶቹ አሮጌውን ፈትተው፣ በፖስታ ልከው፣ ጎማው ብቻ በአዲስ ተቀይሮ እንዲመለስላቸው ያደርጋሉ። ፖስታው እስኪመለስ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይቆያል። እስከዚያ ጣሪያው እንደተዘጋ ይቆያል፤ መጀመሪያ ዘግተውት ከሆነ።